ሙቀት ከዓይን በየት በኩል ይወጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬ የማወጋችሁ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሙቀት በሰው ዓይን ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በሒሳባዊ ሞዴል ማስላት ነው።

የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ በተገለጠ ዓይን ላይ የሚለካው የኮርኒያ፣ ማለትም የዓይን ፊት ለፊት ግልጽ ሽፋን፣ ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በስሌት መድረስ ቀላል አይደለም። ዓይንን 24 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው ብለን እንነሣ፤ ሙቀት ከኋላ በ37 ዲግሪ ገብቶ በፊት በኩል ወደ 25 ዲግሪ አየር ይወጣል፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከውሃ ጋር ይቀራረባል። አየሩ የሚወስደውን፣ በጨረር የሚባክነውንና በእንባ ትነት የሚሄደውን ሙቀት ደምረን ብናሰላ ኮርኒያው ወደ 31 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ከእውነተኛው በ3 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ ነው። ምክንያቱ ዓይን ክብ መሆኑ ነው። ደም የሞላበት አካል ከጎንም ከኋላም ከቦት ያሞቀዋል፤ ሙቀት የሚያጣው ግን በፊት ለፊቱ ጥቂት ስፋት ብቻ ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ፔንስ በ1948 ባሳተመው እኩልታ፣ ደም በሥጋ ውስጥ እየተዘዋወረ የሚያመጣውንና የሚወስደውን ሙቀት ራሱን በቻለ ተደማሪ ገልጾታል። እኩልታው የተፈተነው በሰው ክንድ ላይ ነበር። ኮርኒያና ሌንስ ግን የደም ሥር የላቸውም፤ ስለዚህ ይህ ተደማሪ ከአብዛኛው የዓይን ክፍል ይጠፋና በኋለኛው ወሰን ላይ ብቻ ይቀራል። ሌንስ በሙቀት በቀላሉ የሚጎዳውም አንድም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትርፉን ሙቀት የሚያነሣለት ደም በውስጡ አያልፍም። ለዓመታት በእቶን ፊት በሠሩ መስታወት ነፊዎች ላይ የዓይን ሞራ ግርዶሽ በብዛት መታየቱም የታወቀ ነው።

በኮርኒያና በአይሪስ፣ ማለትም ባለቀለሙ የዓይን ክፍል፣ መካከል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰው ቆሞ ሳለ በአይሪስ በኩል የሞቀው ወደ ላይ ይወጣል፣ በኮርኒያ በኩል የቀዘቀዘው ይወርዳል። የገጽ ሙቀት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህን መተው ብዙ አይጎዳውም። ከአይሪስ የረገፈ ቀለም በኮርኒያ ጀርባ ላይ ለምን ቁመታዊ መስመር ሠርቶ እንደሚለጠፍ ለማስረዳት የሚሻ ግን ሊተወው አይችልም።

እኔ ከሁሉ አብልጬ በጥርጣሬ የማየው የእንባ ትነትን ቁጥር ነው። ብዙ ሞዴሎች በካሬ ሜትር 40 ዋት ብለው ይወስዱታል፤ ይሁን እንጂ የእንባው ሽፋን የማይክሮሜትር ውፍረት ያለው፣ በነፋስ፣ በአየሩ ድርቀትና በዓይን ድርቀት ሕመም የሚለዋወጥ ነው። በዚያው በዘንጉ ስሌት ቁጥሩን ወደ 80 ብናሳድገው ኮርኒያው በ1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ለዚህ ነው ባለብዙ ቀለም የሙቀት ሥዕል ሲቀርብልኝ፣ ከቀለሙ በፊት ለትነቱ የተሰጠውን ቁጥር የምፈልገው።