የጭፈራ ቤት ሰንጠረዥ እንዴት ተጀመረ?

ሜሮን፦ ዳዊት፣ ባለፈው «የዘፈን ደረጃ በሽያጭ ብቻ አይወጣም» ብለህ አንጠልጥለኸን ሄደሃል። ዛሬ ጨርሰው።

ዳዊት፦ እሺ። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1974 ነው፣ ቦታው ኒውዮርክ። በጥቅምት መጨረሻ ቢልቦርድ በሚባለው የሙዚቃ መጽሔት ላይ ቶም ሞልተን የተባለ የሙዚቃ ባለሙያ ስለ ዲስኮ፣ ማለትም ስለ ጭፈራ ቤት ሙዚቃ፣ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ያለበት አምድ ጀመረ። ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው የትኛው ዘፈን ነው? የሚጠየቀው እሱ ነበር።

ሜሮን፦ ማን ይመልሳል?

ዳዊት፦ ዲጄዎቹ! ሽያጭ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ዲጄ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ዘፈኑ ሲገባ ወለሉ ሞላ ወይስ ሰው ወደ ባሩ ተበተነ? ያየውን ይናገራል፣ ደረጃው ከዚያ ይወጣል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግሎሪያ ጌይነር «ኔቨር ካን ሴይ ጉድባይ» ብላ አናት ላይ ወጣች።

ሜሮን፦ ዲጄዎች ግን ከዚያ በፊትም ዘፈን ያነሱ ነበር እኮ። የካሜሩኑ ማኑ ዲባንጎ!

ዳዊት፦ «ሶል ማኮሳ» የሚለው ዘፈኑ! እሱን ሳላነሳ አላልፍም። ዴቪድ ማንኩሶ የሚባል የኒውዮርክ ዲጄ መኖሪያው ውስጥ «ዘ ሎፍት» የሚባል ጭፈራ ያዘጋጅ ነበር። ያንን ሸክላ ብሩክሊን ውስጥ የካሪቢያን ሙዚቃ ከሚሸጥ ሱቅ አገኘውና አጫወተው። ሰው አበደ። ሸክላው ከገበያ ጠፋ፣ ሌሎች ባንዶች እየተሻሙ ደግመው ቀረጹት። በ1973 አሜሪካ ውስጥ ታተመና በዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረሰ። መጀመሪያ የመረጡት ግን ጨፋሪዎቹ ናቸው።

ሜሮን፦ የሸክላ ኩባንያዎቹስ ዝም አሉ?

ዳዊት፦ በፍጹም። በ1975 ማንኩሶና ጓደኞቹ የዲጄዎች ማኅበር አቋቋሙ። ኩባንያ አዲስ ሸክላ በነጻ ይሰጣል፣ ዲጄ ሰው እንዴት እንደተቀበለው ይመልሳል። ሞልተን ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ስቱዲዮ ውስጥ ባለ 7 ኢንች ባዶ ሸክላ ሲያልቅ ባለ 10 ላይ አስቀረጸ፣ ቀጥሎ ደግሞ ባለ 12 ላይ። መስመሩ ሰፋ ብሎ ሲቀረጽ ድምፁ ጎላ፣ ባሱ ደረት መታ። የዲጄ ሸክላ ባለ 12 ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሜሮን፦ እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኩባንያው በነጻ እየሰጠ ዲጄው እውነቱን ይናገራል?

ዳዊት፦ ልክ ነሽ፣ ድክመቱ እዚያ ላይ ነው። ቆይቶ ለክለብ ተብሎ ሪሚክስ ማሠራት፣ ማለትም ዘፈኑን ለጭፈራ እንዲመች እንደገና ማስቀናበር፣ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ማዶና በዚያ ሰንጠረዥ 50 ጊዜ አንደኛ ወጥታለች። እንደዚያም ሆኖ እወደዋለሁ። ስልኩ ላይ ዘፈን የከፈተ ሰው ተኝቶም ይሰማል፣ ወለል ላይ ግን ተኝቶ የሚቆጠር የለም።

ሜሮን፦ አሁንስ?

ዳዊት፦ ከ2013 ጀምሮ ሽያጭ፣ ሬዲዮና ኢንተርኔትን አብሮ የሚደምር ሌላ የዳንስ ሰንጠረዥ መጣ። የክለቡ ግን በመጋቢት 2020 ቆመ። በኮሮና ምክንያት ክለቦች ተዘጉ፣ ዲጄዎቹ የሚያዩት ጨፋሪ አልነበረም።