ርስትና ጀበና

እሺ ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ እና ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ነገር አለ እሱን ላውራችሁ።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ ማለት ነው፣ ጎንደር እኛ ቤት ጀበና ይዛ የምትመጣ ሴትዮ ነበረች፣ ከወለቃ፣ ያኔ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ማለት ነው፣ መንደር ከነበረችው። አያቴ ጀበናውን ታገላብጠዋለች፣ በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፣ ትከራከራለች፣ ትገዛለች። ሴትዮዋ ግን ከደጅ አታልፍም። እኛ ልጆቹ ደግሞ እሷ እስክትሄድ ምግብ ይዘን እንዳንወጣ እንከለከል ነበር፣ ቡዳ ናት ተብሎ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

እና በቀደም ስለ መካከለኛው ዘመን ክርስቲያን ነገሥታትና ስለ አይሁዶች ሳነብ፣ እንግሊዝ ውስጥ ኤድዋርድ 1ኛ በ1290 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ) ሁሉንም ጠቅልሎ እንዳባረራቸው አነበብኩና አዘንኩ፣ ከዛ ግን የኛዎቹስ? አልኩ። አፄ ይስሐቅ በ1400ዎቹ መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ወግተው ካሸነፉ በኋላ አወጁት ተብሎ የሚተረክ ነገር አለ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ፣ መሬት የለሽ መጻተኛ ማለት ነው፣ ይሁን። ፈላሻ የሚለው ስም ከዚህ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ባለቤቶቹ ደግሞ ስድብ ነው ብለው አይወዱትም፣ ካይላ የሚለውንም እንደዛው።

እስቲ አስቡት፣ በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚል አገር ላይ ርስትህን ሲነጥቁህ። ኤድዋርድ ከአገር አስወጣ፣ እዚህ ግን ሰውየው እዛው አያቱ የተቀበሩበት መሬት ላይ እየኖረ ባይተዋር ሆነ። በአንድ ቀን አልሆነም እርግጥ፣ 200 ዓመት ያህል ተዋግተዋል፣ ስሜን ተራራ ላይ። በ1500ዎቹ መጨረሻ የአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል አንዲት የተማረከች ሴት ይነግረናል፣ እጇ ከማረካት ወታደር እጅ ጋር ታስሮ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ አዶናይ ሆይ እርዳኝ ብላ ራሷን ወረወረች፣ ሰውየውንም ይዛው ሄደች። ይሄን የፃፈው የንጉሡ ፀሐፊ ነው እኮ፣ የጠላት ወገን፣ እሱም ቢሆን ድፍረቷ ገርሞታል። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

በ1600ዎቹ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነገሩ አለቀ። መሬት የሌለው ሰው ምን ይሰራል? የሰው መሬት ያርሳል ጭሰኛ ሆኖ፣ አለበለዚያ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሰራል፣ ይሸምናል። የጎንደርን ግንብ ከሰሩት ግንበኞችና አናጢዎች ውስጥም እነሱ ነበሩ። ማረሻውን ሰርተው ይሰጡናል፣ እኛ ደግሞ እሳት የሚነካ እጅ ማታ ጅብ ይሆናል እንላለን። መጀመሪያ መሬቱን ወሰድን፣ ቀጥሎ በቀረለት ሙያ ሰደብነው፣ እና እኔ ይሄንን ከአያቴ ጉያ ሆኜ ነው የተማርኩት፣ በጣም የምወዳት አያቴ።

ሴትዮዋ በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ መምጣት አቆመች። እስራኤል ሄዳ ይሆናል። ጀበናው እስካሁን እናቴ ቤት አለ፣ አንገቱ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፣ ቡና ግን ያፈላል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ እማዬ ያቺ ሴትዮ ስሟ ማን ነበር አልኳት። ቆየት አለችና፣ እኔ እንጃ ልጄ፣ ካይላዋ ነበር የምንላት አለችኝ።