ፊቷ ይዋሻል፣ ሻንሲዋ አይዋሽም፦ በሰሜን ሸዋ የቀሩ የድሮ የጦር መኪኖችን መለየትና መጠገን

[ምስል፦ ጣርማበር። ጉም። ከዋሻው አፍ መብራቱን አብርቶ የሚወጣ የጭነት መኪና።]

ተራኪ፦ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ የጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አስከትሎ ነበር። ያ ሁሉ መኪና ያለፈው በዚህ ነው፤ በደብረ ሲና፣ በጣርማበር ዳገት፣ በደብረ ብርሃን። ዋሻው ያኔ ገና አልተቆፈረም። ጭቃው ጎማ ሲውጥ ወታደሩ እየገፋና እየጎተተ ነው ሽቅብ ያወጣው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 1933፣ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚሁ መንገድ ወደ ደሴ ዘለቀ። ግንቦት 1945 ላይ ከአሜሪካ ጋር የጦር ዕርዳታ ስምምነት ተፈረመና የአሜሪካ ጂፕና ካሚዮን መጣ። በ1970 ደግሞ፣ የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ የሶቪየት መኪና እንደ ጎርፍ ገባ።

ስለዚህ ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት አንድ ግቢ ውስጥ ዝጎ የቆመ መኪና ስታዩ የአራት የተለያዩ ጦሮች ንብረት ሊሆን ይችላል። የማን ነው? ዛሬ የምናየው ይህን ነው፤ ከዚያም ሞተሩን ለማስነሳት ከመጣደፍ በፊት መደረግ ያለበትን።

[ምስል፦ አንድ ሰው ተንበርክኮ በመኪና ሥር ባትሪ ሲያበራ።]

ተራኪ፦ የጋራዥ ሰው የማያውቀውን መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው መንበርከክ ነው። ጀማሪው ግን ፊት ለፊት ቆሞ ፍርግርጉን፣ መብራቱንና ቀለሙን ያያል። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በእኛ አገር ከሁሉ ቀድመው የሚቀየሩ ናቸው። መብራት ይሰበራል፣ ከሌላ መኪና ይገጠማል። ኮፈን ይጣመማል፣ ባትላሜራው ከበርሜል ላሜራ አዲስ ይሠራለታል። የጂፕ ፊት ያላት፣ የቶዮታ ሞተር የምታነሳ፣ የላንድሮቨር መቀመጫ የተገጠመላት መኪና ብርቅ አይደለችም። ሻንሲ ግን፣ ሁሉ ነገር የሚታሰርበትን የሥር ብረት፣ የሚቀይር የለም። ጎማ ከጎማ የሚያያይዘው አክስልም እንደዚያው።

ከጂፕ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አራት ማዕዘን ሆና ሸራ የለበሰች ሁሉ ለብዙው ሰው «የጦርነቱ ጂፕ» ናት። እውነተኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ዊሊስ ኤም ቢ ነው፤ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ነው። ፎርድም በዚሁ ንድፍ ጂ ፒ ደብልዩ የሚባለውን ሠርቷል። የሁለቱም ፍርግርግ ዘጠኝ ክፍተት አለው። ከጦርነቱ በኋላ ለገበሬው የወጣው ሲ ጄ 2 ኤ ሰባት ነው ያለው፤ መብራቱም ትልቅና ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፤ ከኋላ የሚከፈት በር አለው። የጦሩ ኤም ቢ የኋላ በር የለውም፤ ትርፍ ጎማው እዚያው ኋላ ላይ ይሰቀላል። አንድ የምወዳት ነገር አለችው፦ የፊት መብራቶቹ በማጠፊያ የታሰሩ ስለሆኑ ወደ ኋላ ተገልብጠው ሞተሩን ያበራሉ። ሌሊት በየዱሩ ለሚጠግን መካኒክ ተብሎ የተሠራ ነው።

[ምስል፦ በቅርብ። የዛገ የብሎን ራስ፤ በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ።]

ተራኪ፦ ዊሊስ ነው ወይስ ፎርድ? ፍርግርጉን ተዉትና ከራዲያተሩ ሥር የሻንሲውን የፊት ማያያዣ ብረት ዳብሱ። ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ ነው። የተደፋ ቦይ መልክ ካለው ፎርድ ነው። ፎርድ ከሆነ ደግሞ የሽቦ ብሩሽና ጥቂት ናፍጣ ይዛችሁ የብሎኖቹን ራስ ጥረጉ። ዝገቱ ሲለቅ የላቲኑ «ኤፍ» ፊደል በተጠማዘዘ አጻጻፍ ብቅ ይላል። ፎርድ በየብሎኑና በየዕቃው ላይ የራሱን ምልክት ይመታ ነበር። በአንድ መኪና ላይ ግማሹ ብሎን ምልክት ያለው፣ ግማሹ የሌለው ሆኖ ታገኛላችሁ፤ የቱ ክፍል መቼ እንደተፈታ የሚነግራችሁ ያ ነው።

በዕርዳታው ዘመን የነበረው የአሜሪካ ጦር ጂፕ ግን የተለየ ነው፤ ኤም 38 ኤ 1 ይባላል። ኮፈኑ ከላይ ጎበጥ ያለ፣ ፓራፋንጎው የተጠጋጋ ነው። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሮ። የጦርነቱ ኤም ቢ 6 ቮልት ነበር። ይህን ሳያጣሩ የመንገድ 12 ቮልት ባትሪ የሚያስሩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉ።

[ምስል፦ የዋዝ የኋላ አክስል፤ ከሥር ወደ ላይ።]

ተራኪ፦ ዋዝ፣ የሶቪየቷ ጂፕ። ዋዝ 469 በደርግ ጊዜ የመኮንን መኪና ነበረች፤ ሁለት ዓይነት እንዳለ ግን ብዙ ባለቤት አያውቅም። የጦሩና የሲቪሉ ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ከሥር ግቡ። በጦሩ ላይ አክስሉ ከጎማው መሐል ጋር አይገጥምም፤ ከፍ ብሎ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ጎማ ጫፍ ትንሽ የጥርስ ሳጥን አለ፤ ኃይሉን ከላይ ተቀብሎ ወደ ታች ለጎማው ያስተላልፋል። በዚህ ምክንያት ሆዷ ከመሬት 300 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የሲቪሉ 220 ብቻ ነው። ድንጋያማ የመንዝ መንገድ ላይ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ካምቢዮህ ተርፎ ቤትህ መግባት ነው።

ጣጣውም እዚያው ነው። አራቱም ሳጥኖች የየራሳቸው ዘይት ይፈልጋሉ። አክስሉ መሐል ያለውን ዲፈረንሺያል ብቻ አይቶ «ዘይቷ ሙሉ ነው» የሚል መካኒክ አራቱ ደርቀው ሳለ ይሰዳችኋል።

ሌላው የጦር ምልክት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ላይ ነው። በቤንዚን የሚሠሩ የጦር መኪኖች፣ የሶቪየቱም ሆነ ከ1945 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የአሜሪካ፣ የካንዴላ ገመዳቸው በብረት ቱቦ የተሸፈነ ነው። ብልጭታው የወታደሩን ሬዲዮ እንዳይረብሽ ነው። ገመዱ ራቁቱን ከሆነ ወይ የሲቪል ነው ወይ አንድ ሰው ቱቦውን ነቅሎ ጥሎታል። የማሰሪያ ቦታው ቀርቶ እንደሆነ ፈልጉ።

ትልልቆቹን የሶቪየት ካሚዮኖች ቶሎ ልለፋቸው። ዚል 131ና ኦራል ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ የጎማ ነፋስ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት መሣሪያ አላቸው፤ ጎማው መሐል ላይ የነፋስ ቧንቧና ቁልፍ ካያችሁ ለወታደር የተሠራ ነው። ኦራልን ሞተሩን ክፈቱ፤ 375 የሚባለው የቤንዚን ነው፣ ካርቡራቶርና ካንዴላ አለው፤ 4320 ናፍጣ ነው። ቤንዚኑን ለማቆየት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይዳብስ።

[ምስል፦ የትምህርት ቤት ግቢ። በዛፍ ላይ የተሰቀለ የቸርኬ ደወል።]

ተራኪ፦ የጣሊያኑ መኪና ሙሉውን አይገኝም ማለት ይቀላል። ቁራሌው ቀድሞናል። የቀረው ቁራጭ ነው፦ አንድ አክስል ለድልድይ መደገፊያ፣ የካሚዮን ሻንሲ ለበር ጉበን፣ ቸርኬው ለትምህርት ቤት ደወል። እኔ የማላውቀው ቀበሌ ስደርስ ደወሉን አያለሁ፤ የብሎን ቀዳዳውን ቆጥሮ፣ ስፋቱን ለክቶ ፎቶ ማንሳት ነጻ ነው።

ሞተር ከተገኘ ግን ሲሊንደር ቁጠሩ። እ.ኤ.አ. ከ1938 የወጣው ላንቻ 3 ሮ የአምስት ሲሊንደር ናፍጣ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሮ ደግሞ በጀርመኑ የዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስቶን ፊት ለፊት የሚጋጩበት። ስድስት ከሆነ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚባለው ፊያት 634 ሊሆን ይችላል። አምስት ቆጥራችሁ ካገኛችሁ ግን ሳታወሩ ደውሉልኝ።

መሪው በቀኝ ስለሆነ ብቻ «የእንግሊዝ ነው» አትበሉ። የጣሊያን ከባድ መኪናም መሪው በቀኝ ነበር፤ በተራራ መንገድ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ እንዲያይ። ጣርማበርን በጉም የወረደ ሰው ምክንያቱን ሳይነግሩት ይገባዋል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ራሷ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው፤ ከዚያ በፊት የገባ የሲቪል መኪናም መሪው ቀኝ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የባዶሊዮ አጀብ ውስጥ ፎርድና ሸቭሮሌም ነበሩበት። የጣሊያን ጦር ማለት የጣሊያን ፋብሪካ ማለት አይደለም።

[ምስል፦ ቀለም በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ፤ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የሚታይ።]

ተራኪ፦ ቀለሙን ለማንበብ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ምረጡ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ከፋብሪካው ሰሌዳ ጀርባ። የሳንቲም ያህል ቦታ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ከመሐል ወደ ዳር ፋቁ። ላይኛው ነጭ ይሆናል፣ የእርሻ ድርጅት ወይም የወረዳ ቢሮ ጊዜ። ከሥሩ ሰማያዊ፤ ከዚያ አረንጓዴ፤ ከዚያ ቀይ ቡናማ የዝገት መከላከያ፤ ከዚያ ብረቱ። አረንጓዴው ከዝገት መከላከያው ቀጥሎ ካለ ከፋብሪካ የወጣበት ነው። ከላይ በሌላ ቀለም መሐል ካለ ግን አንድ ሰው በኋላ ነው ወታደር ያደረጋት።

ወደ ባለቤቱ ስትሄዱ በዋጋ አትጀምሩ። ግቢ ገብቶ «ስንት ነው?» የሚል ሰው ቁራሌው ነው የሚመስለው። «አባባ፣ መኪናዋን ማን አመጣት?» በሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ወሬው ይመጣል። ከዚያ ሊብሬ ጠይቁ። ሊብሬ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የማይገጥም ከሆነ መንገድ ትራንስፖርት ሳትጠይቁ አንድ ብር አትክፈሉ። መኪናው ውስጥ ወይም አጠገቡ ጥይት፣ ቅምብላ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ካለ አትንኩ፤ ፖሊስ ጥሩ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ፈንጂም ፈንጂ ነው።

[ምስል፦ ጋራዥ። ካንዴላ የተፈታለት ሞተር።]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ጥገናው። ሁሉም ሰው ሞተር ማስነሳት ይፈልጋል፤ ድምፁ ቪዲዮ ላይ ያምራል። እኔ ግን ፍሬን እላለሁ። የድሮ ጂፕም የድሮ ዋዝም የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ጎማ ላይ ዘይቱ ከፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው። ሌላ ክርክር አልጨምርም።

ሞተሩ ደርቆ አልዞርም ካለ በመኪና ጎትቶ ማስነሳት የሚባለውን እርሱት፤ ፒስቶን ትሰብራላችሁ። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ በየቀዳዳው የካምቢዮ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅላችሁ ጨምሩ፣ ቀናት ይቆይ። ከዚያ ሞተሩን በቁልፍ በእጅ አዙሩት፣ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ። ሲሊንደሩን ከማመናችሁ በፊት ግን ሞኖብሎኩን፣ ሲሊንደሮቹን የያዘውን የሞተሩን ዋና አካል፣ ከውጭ በደንብ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ውሃው ሳይፈስስለት የቆመ ሞተር ይሰነጥቃል። በአንድ ሌሊት። ከላይ የሚከድነውን ቴስታታ መቀየር ይቻላል፤ ሞኖብሎክ ግን ከተሰነጠቀ ብየዳው በብዛት አይዘልቅም።

ብሎኑንም ተጠንቀቁ። የአሜሪካው በኢንች፣ የጣሊያኑና የሶቪየቱ በሚሊ ሜትር ነው። ተቀራራቢ ቁልፍ አስገብቶ ማስገደድ የብሎኑን ራስ ያከብበዋል፤ ከዚያ ቶርኖ ቤት ነው ወጪው።

ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራቶሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ሞተሩ አልቋል ብላችሁ አትፍቱት፤ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን ቀዳዳ በጠበበ ቀይሩ። ውሃም እዚህ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት። የዘይት ጣሳ ክዳን የተደፋበት ራዲያተር ስንት ዓይቻለሁ!

[ምስል፦ በላሜራ የተጠጋገነ ፓራፋንጎ፤ የእጅ ብየዳ።]

ተራኪ፦ ስለ መልኩ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ብዙዎች አይስማሙም። ከፋብሪካ እንደወጣች ለማስመሰል የአገር ሰው የሠራውን ሁሉ ነቅሎ መጣል ልክ አይመስለኝም። ከባሌስትራ ብረት የተቀጠቀጠች የበር እጀታ፣ ከጣሊያን ካሚዮን የተወሰደ ዳዶ፣ በጣሳ የተደፈነ ወለል፣ ይህም የመኪናዋ ዕድሜ ነው። ለደኅንነት የማይመቸውን ቀይሩ፣ የቀረውን ዝገቱን አቁማችሁ ተዉት። የነቀላችሁትንም አትጣሉ፤ ላዩ ላይ ጽፋችሁ በካርቶን አስቀምጡ።

አረንጓዴ ቀብቶ የጦር ቁጥር ለጥፎ መንገድ መውጣትን ግን እርሱት። ባለንበት ጊዜ በዚህ መንገድ ወታደር መስሎ መታየት ጨዋታ አይደለም። የድሮውን ቀለም በጥንቃቄ ከገለጣችሁት ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሱት፤ ለመንገድ ሊብሬው ላይ ያለው ቀለም ይበቃል።

[ምስል፦ ጠዋት። መኪናዋ በዝግታ ቁልቁል ስትወርድ።]

ተራኪ፦ የመጀመሪያው ጉዞ ባዶዋን፣ በቀን፣ ሰው ሳትጭኑ ይሁን። መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ በጫጫ በኩል፤ ቁልቁለቱ ለሌላ ቀን። ለቁልቁለቱ ስትዘጋጁ ከባድ ማርሽ ከላይ አስገቡ፣ መሐል ላይ አትፈልጉት። ደብረ ሲና ስትደርሱ አቁሙና በእጃችሁ ጀርባ አራቱንም ጎማ መሐሉን ጠጋ በሉት፤ በመዳፍ ሳይሆን በጀርባ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ቀዝቃዛ የሆነው ጎማ ፍሬኑ አልያዘም። ዋዝ ከሆነች ደግሞ ከአራቱ ሳጥኖች አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ዘይት የለውም፤ እዚያው ሞሉት እንጂ ወደ ሸዋ ሮቢት አትቀጥሉ።