ክፍያው ሲንር የመምህሩ ኪስ ለምን አልሞላም?

ሰላም ቤተሰብ! ዛሬ ሌላ ርዕስ ነበረኝ። ግን ስለ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ከሠራነው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጻፋችሁ። «ተማሪው ያን ሁሉ ፓውንድ እየከፈለ መምህራኑ ምን ያማርራቸዋል? ገንዘቡ ለነሱ አይደል እንዴ የሚገባው?» አይደለም። ስለዚህ ይሄ ይቅደም።

እስቲ የሠርግ ድግስ አስቡ። በሬውን የሚገዛው አጎት ነው። ጤፉም ቅቤውም ከአጎት ነው። እንግዳው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። አንድ ቀን አጎት «ከእንግዲህ እንግዶቹ ራሳቸው ይክፈሉ» አለ። በር ላይ ገንዘብ ተሰበሰበ። በሬው ያው አንድ በሬ ነው። የወጥ ሠሪዋም ክፍያ ያው ነው። የተለወጠው እንግዳው ነው። ከፍሏላ! ወጡ ቀጠነ፣ ሥጋው ጠና፣ ምግቡ ዘገየ ይላል። ለማን ነው የሚለው? አጎትማ የለም። ለወጥ ሠሪዋ!

እንግሊዝም የሆነው ይሄው ነው። ስኮትላንድ ሌላ ነው፣ እንዳታምታቱት። በፈረንጆቹ 1998 ክፍያው በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ነበር። በ2006 እስከ 3,000፣ በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። ያኔ መንግሥት ለማስተማሪያ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አብዛኛውን ቆረጠ። የተማሪው ገንዘብ የተተካ እንጂ የተጨመረ አይደለም። ይቺን ያዙልኝ፦ የተተካ እንጂ የተጨመረ አይደለም። በ2015 የተማሪ ቁጥር ገደብ ተነሣ፤ ተማሪ መሻማት መጣ። ከ2017 ጀምሮ ክፍያው 9,250 ላይ ለዓመታት ቆመ፤ ኑሮው ግን አልቆመም። ጉድለቱን የበለጠ የሚከፍለው የውጭ ተማሪ ሲሸፍን ቆየ። በ2024 አብዛኞቹ የማስተርስ ተማሪዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ሲከለከሉ እሱም ቀነሰ። ከዚያ የሠራተኛ ቅነሳ።

ለንደን የምታስተምር ጓደኛ አለችኝ። የሚከፈላት በሰዓት ነው። ውሏ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ መታደሱን የምታውቀው ትምህርት ሊጀመር ሲል ነው። አንድ ተማሪ በውጤቱ ተናዶ «ለዚህ ነው እንዴ 9,000 ፓውንድ የምከፍለው?» አላት። እሷ የልጁን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ነበር ያነበበችው። ሁለተኛውን ንባብ ማንም አልከፈላትም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በልጁም አልፈርድም፣ የክፍያው ዕዳ አንገቱ ላይ ነው።

ያ ዕዳ እንዴት እንደሚከፈል በሚቀጥለው ቪዲዮ እናያለን። ሰብስክራይብ ያላላችሁ በሉ፣ እንዳያመልጣችሁ።