ባቄላ፣ ሐረጎ እና የጎዴው ልጅ

እሺ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የአከራዬን ነገር ልጨርስላችሁ ቃል ገብቼ ነበር። እሷ ትቆየን። ሐሙስ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ዶክተሩን ታውቁታላችሁ። ስሙን እንድጠራው አይፈልግም። ያ በረካውን ሳይጠጣ ከቡና የማይነሳው ወዳጄ። ቴርሞዳይናሚክስ ነው የሚያስተምረው፤ ያ የሙቀትና የኃይል ትምህርት። «አንድ ቀን ነይና ክፍል ቁጭ በይ» ሲለኝ ከርሞ፣ ሄድኩለት። ከኋላ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ጢም ብሏል።

ገባ። ስላይድ የለ፣ ሃንድአውት የለ። ጠመኔ አነሳና በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ ባቄላ ቶሎ የሚበስለው ደሴ ነው ኮምቦልቻ?

ከዚያ ዝም አለ።

እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ። ዝምታው በጣም ረዘመ። እኔ ራሴ ከኋላ ሆኜ ልመልስለት ቃጣኝ። አንዱ እስክሪብቶ ያሽከረክራል። ከፊት ያሉት ሰቃዮች ደብተር ያገላብጣሉ፤ ባቄላ የሚባል ነገር ግን ደብተር ውስጥ የለም። እሱ ጠመኔውን ይዞ ቆሟል። ማንንም ለይቶ አላየም። አልቸኮለም።

እኛ ስንማር እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «ጥያቄ አለ? የለም። እንቀጥል።» በአንድ ትንፋሽ! እጅህን ለማንሳት ስታስብ ገጹ ተገልጧል። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ በሰዓት ለክታዋለች። አስተማሪ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው ባብዛኛው 1 ሰከንድ ያህል ነው። ወደ 3 ሰከንድ ሲያደርሰው መልሱ ይረዝማል፤ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ልጆችም መናገር ይጀምራሉ። እሷ ያየችው የትንንሽ ልጆች ክፍል ነው። ኮሌጅም የሚለይ አይመስለኝም። 3 ሰከንድ እኮ ምንም ነው! ዶክተሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ጠበቀ።

በመጨረሻ ከኋላ፣ ከእኔ ሁለት ወንበር ወዲያ፣ አንዲት ልጅ ተናገረች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ አልሄደላትም። በአማርኛ ቀጠለች። የባቲ ልጅ ናት። «ደሴ አጎቴ ጋ ስሄድ ንፍሮው እምቢ ይለኛል» አለች። «ይንተከተካል፣ ይንተከተካል፣ ስነክሰው ድንጋይ ነው። እናቴ ቤት ሆኜ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የክፋት ሳቅ አይደለም፤ የዘመድ ሳቅ ነው። አንዱ «የደሴ ሰው ለዚህ ነው ምሳ የሚያረፍደው!» አለ። የደሴዎቹ ተነሱበት። ዶክተሩም ሳቀ። እሷ ያለችውን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ከሥሩ ቁጥሮቹን አስቀመጠ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ደሴ ላይ 92 አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። ማለትም ድስቱ ይንተከተካል እንጂ የሚገባውን ያህል አይግልም። ልጅቷ ያለችው ይኸው ነው! ቀመሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም ይጽፋል።

በጣም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደተረፈ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድስት ግን የሌለው ቤት የለም። ወጥ ሠርታ ያደገች ልጅ፣ ከሰቃዮቹ ቀድማ የምታውቀው ነገር እንዳለ ክፍሉ ሁሉ አየ። እንዲህ የሚያስተምር ሰው ስንት አጋጥሟችኋል? እኔ... ይቅር፣ አልቆጥርም።

ግን የከነከነኝ እሱ አይደለም።

ከፊት ረድፍ አንድ ልጅ አለ። ክፍል ሳንገባ ኮሪደር ላይ አውርተናል፣ በእንግሊዝኛ። ከጎዴ ነው የመጣው፣ ከሶማሌ ክልል። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ነው አለኝ። ያ ሁሉ ሲስቅ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። ጎረቤቱ እንባው እስኪመጣ ይስቃል፤ አልነገረውም። ወደ ሌላው ዞረ። እሱም ያው። ከዚያ ልጁ ራሱ ፈገግ አለ። ያቺ ሰው ሲስቅ አብሮ ለመሳቅ የምትደረግ ፈገግታ አለች አይደል? እሷን። ከዚያ አቀርቅሮ ደብተሩ ላይ መስመር ማስመር ጀመረ።

ዶክተሩ ወዲያው ነገሩን በእንግሊዝኛ ደገመው። አድርጓል፤ አልዋሽም። ሳቁ ግን አልፏል። ሳቁን እንዴት አድርጎ ይደግመዋል?

እኔ ያ ፊት አልጠፋ አለኝ። ማታ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ ጆሮዬ ድፍን ሲል... ሐረጎን የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፤ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ተሂዶ ጃኬት ያስለብሳል። ልጆቹን በዚያ መንገድ ላይ ቆመው ሁሉ ሊያስተምሯቸው ይቻላል፤ መንገዱ ለምን እንደሚጠማዘዝ፣ ሾፌሩ ለምን ማርሽ እንደሚቀንስ። ምን ልል ነበር? አዎ። ሐረጎ ላይ ነው ድንገት ብልጭ ያለልኝ። ጎዴ እኮ ቆላ ነው! ከባሕር ወለል 300 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ውሃ 99 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ከክፍሉ ሁሉ ትልቁን ልዩነት በሕይወቱ ያየው ያ ልጅ ነው። ጥያቄው የሱ ነበር። ጥያቄው ግን ደሴና ኮምቦልቻ ብሎ አጠረበት።

አሁን ይህን ለዶክተሩ ልንገረው? ያን ያህል ደክሞ ያዘጋጀውን? ደግሞስ ምን ሊያደርግ ነበር? በእንግሊዝኛ ብቻ ቢል የባቲዋ ልጅ አፏን አትከፍትም። አማርኛውን ሲፈቅድ ያኛው ተዘጋበት።

ሃርቫርድ የሚያስተምር ኤሪክ ማዙር የሚባል የፊዚክስ ሰው አለ። ደጋግሞ አስረድቶ አልገባ ሲላቸው፣ ጨንቆት «እስቲ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» አለ። ክፍሉ ገበያ ሆነ፤ ወዲያውም ገባቸው። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚያስተምረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ 225 ጥናቶች ተሰብስበው ታይተው ነበር፤ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኢንጂነሪንግ ትምህርት ላይ። ሌክቸር ብቻ በሚሰጥበት ክፍል ከ100 ተማሪ 34 ያህሉ ይወድቃሉ፤ ተማሪው በሚሳተፍበት ወደ 22 ይወርዳል። 12 ልጅ እኮ ነው!

እና የጎዴው ልጅ ከጎረቤቱ ጋር ቀድሞ ቢያወራ ኖሮ... ግን እኛ ጋ «ተነጋገሩ» ሲባል አንድ ለአምስት ነው ትዝ የሚለን። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። ስንቱ ነው ስሙን አስጽፎ የተመረቀው! እሱ ሌላ ኤፒሶድ ይወጣዋል፤ ያናድደኛል።

ምናልባት ቁራጭ ወረቀት ቢሰጣቸው? አገርህ ቤት ባቄላ፣ ሩዝ፣ ምንም ይሁን፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ በፈለግህበት ቋንቋ ጻፍ ቢል? ያኔ ጎዴም ባቲም ሰሌዳ ላይ ይወጣሉ። ግን ዶክተሩ ሶማሊኛ አያነብም። ክፍሉ ውስጥ የሚያነብ ከሌለስ? ደግሞ ወረቀት ከሆነ ያ ሳቅ አይኖርም፤ ልጅቷን ቀና ያደረጋት ደግሞ ሳቁ ነው። እንደዚያ ስትቀመጥ አይቻታለሁ እኮ፣ ትከሻዋ ሁሉ ተለውጦ...

እንጃ። ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን ብለናል። ልንገረው ይሆናል። ወይ ደግሞ ስለ ጎዴ ሙቀት ዝም ብዬ ወሬ አነሳና እሱ ራሱ... አይ፣ እሱ ደግሞ ተንኮል ይመስላል። ልጁንስ ማን ጠየቀው? ምናልባት ጭራሽ እንዲጠየቅ አይፈልግ ይሆናል። ምናልባት ያቺ ፈገግታ እኔ እንዳሰብኳት...