ቮልዩሙን ወደ ላይ የሚገፋው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ደግሞ ምናልባት አሁን ጆሯችሁ ላይ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ኤርፎን።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንድ ዘፈን ክፈቱና ደስ በሚላችሁ ልክ አስተካክሉት። ቮልዩሙ የት ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። በማግስቱ ያንኑ ዘፈን አውቶቡስ ውስጥ ክፈቱት። አይሰማም! ሞተሩና ወሬው ይውጠዋል። ጣታችሁ ሳታስቡት መጨመር ይጀምራል፤ ግማሽ፣ ከግማሽ በላይ፣ ከዚያ ጥግ። እኔ ይህን ስሞክር ሁሌም የሚገርመኝ ወርጄ ጸጥ ያለ ቦታ ስደርስ ነው። ቮልዩሙ ያው፣ ዘፈኑም ያው፣ ግን ጆሮ ይበሳል።

ለእኔ የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ወጣቱን «ጩኸት ይወዳል» እያልን እንወቅሰዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ሰው ቮልዩም የሚጨምረው ጩኸት ወዶ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጩኸት ለመሸፈን ነው። አውቶቡስ ወይም ባቡር ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻውን ወደ 80 ዴሲቤል ሊጠጋ ይችላል (ዴሲቤል የድምፅ ጥንካሬ የሚለካበት ነው)፤ እናንተ ደግሞ ከእሱ በላይ መሄድ አለባችሁ።

80ን በዘፈቀደ አላነሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጆሮ ሳይጎዳ ለማዳመጥ ያወጡት መመዘኛ አለ፤ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ 40 ሰዓት በ75። የሳምንት ቀለብ በሉት። ቀስ ብላችሁ ከበላችሁት ሳምንቱን ያደርሳችኋል። ችግሩ የዴሲቤል ስሌት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ጆሮ የሚገባው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ የተፈቀደላችሁ ጊዜ ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት እያለ ይወርድና 100 ዴሲቤል ላይ የሳምንቱ ቀለብ 25 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ብዙ ስልክ ደግሞ በኤርፎን ጥግ ሲከፈት እዚያ አካባቢ ይደርሳል።

«ከበዛ ጆሮዬ ራሱ ይነግረኛል» የሚል ሰው አለ። አይነግረውም። ጆሮ ይለምዳል፤ መጀመሪያ የጮኸበት ድምፅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልከኛ ይመስለዋል።

የሚጎዱት የውስጥ ጆሮ ውስጥ ያሉ፣ ጫፋቸው ላይ ጸጉር መሰል ነገር ያበቀሉ ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው፤ የዕድሜ ልካችን ይኸው ነው። ወፎች እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱባቸው በአዲስ ይተኳቸዋል። የሰው ልጅ ግን አይተካቸውም። ከኮንሰርት ስንወጣ ጆሯችን ጭው ይላል፣ ጠዋት ሲተወን «አለፈ» እንላለን። ጭው ማለቱ ተወ ማለት ግን ጉዳቱ ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ትልቅ ጄኔሬተር አጠገብ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲጫወት አያቸዋለሁ። ሌላው ስቆ ሊጨርስ ሲል እሳቸው ይስቃሉ፤ የሚስቁት የእኛን ፊት አይተው ነው። ድምፅ ይሰማሉ እኮ! የሚጠፋባቸው ቃሉ ነው። ጩኸት የጎዳው ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ፈ፣ ሸ የመሳሰሉትን። «ስልኩ የት አለ?» ስትሏቸው «የምኑ ልክ?» ይላሉ። ሁለቴ ካስደገሙ በኋላ ደግሞ መጠየቁን ይተዉና አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ይላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ዝምታ ነው። የእሳቸውን ጆሮ የጎዳው ጄኔሬተር ቢሆንም፣ ለሕዋሱ ጩኸቱ ከየት እንደመጣ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ እኔ «ዘፈን ቀንሱ» ከማለት ይልቅ ጩኸቱ እንዳይገባ አድርጉ እላለሁ። ኤርፎኑ ጫፍ ላይ ያለችው ላስቲክ በተለያየ መጠን ትመጣለች፤ ለጆሯችሁ በልክ የምትገጥመውን ምረጡ። በደንብ ከገጠመች የውጪው ድምፅ ይቀንሳል፣ ቮልዩሙም አብሮ ይወርዳል። የአካባቢ ድምፅ የሚያጠፋ ሄድፎን መግዛት የሚችል ሰው ለአውቶቡስና ለአውሮፕላን ጉርምርምታ ከእሱ የተሻለ አያገኝም። መንገድ ስትሻገሩ ግን አውልቁት፤ መኪናውን መስማት አለባችሁ። ቮልዩሙን ከ60 በመቶ በታች ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጣሪያ መወሰኛ አላቸው፤ በተለይ የልጆቹን ዛሬውኑ ወስኑትና በይለፍ ቃል ቆልፉት። ልጅ ራሱ ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ አይሆንም።

ጭው ማለቱ ቀናት ከቆየ ወይም ሰዎችን ማስደገም ካበዛችሁ ተመርመሩ። አንድ ጆሮው ድንገት መስማት ያቆመበት ሰው ደግሞ «ነገ ይለቀኛል» ብሎ አይደር፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ሕክምናው ተስፋ የሚኖረው ቶሎ ሲጀመር ነው፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ዕድሉ አልፎት ነው የሚመጣው።