«ቶዮታ አይበላሽም» ላላችሁኝ፦ የአድማጮች ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

ቅዳሜ ጠዋት በአየር ላይ የመለስኳቸውንም፣ ሰዓት አልቆብን ያደሩትንም ጥያቄዎች እዚህ አሰባስቤያቸዋለሁ። ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ያነሱት ቶዮታን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮፈን ስከፍትና ስዘጋ ስለኖርኩ አልገረመኝም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የባለቤቶቹ ስም ቶዮዳ ነው ሲባል እሰማለሁ። መኪናው እንዴት ቶዮታ ሆነ?

መልስ፦ ልክ ነው፣ ቤተሰቡ ቶዮዳ ነው። በ1936 ለመኪናው ዓርማ የሕዝብ ውድድር ወጥቶ ያሸነፈው «ቶዮታ» የሚል ነበር። በጃፓኖቹ ፊደል ሲጻፍ በስምንት ጭረት ያልቃል፤ ስምንት ደግሞ በእነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ነው። ኩባንያው በዚሁ ስም በ1937 ተመሠረተ። ፋብሪካው ያለበት ኮሮሞ የሚባል ከተማም በ1959 ስሙን ለውጦ ቶዮታ ተባለ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ቶዮታ በሽመና ነው የጀመረው የሚባለው እውነት ነው? ልጆቼ አላመኑኝም።

መልስ፦ ለልጆችዎ እውነት ነው ይበሏቸው። ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጢ ልጅ ነበር፤ ያደገው ሴቶቹ በእጅ እየሸመኑ በሚደክሙበት መንደር ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል ኖሮ በ1924 በራሱ የሚሠራ መሸመኛ አወጣ። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አይደለም። ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ሸማኔ አጠገብ ተቀምጦ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ድሩ ተበጥሶ ሳለ መወርወሪያውን መወርወር ከቀጠሉ ጋቢው ይበላሻል። መሣሪያው ራሱ ስለሚቆም አንድ ሠራተኛ ብዙ መሸመኛ መጠበቅ ቻለ። የመሥሪያ መብቱ በ1929 ፕላት ብራዘርስ ለሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ። ልጁ ኪቺሮ ደግሞ በ1933 እዚያው መሸመኛ ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ።

በኋላ በመኪና ፋብሪካውም ያው ልማድ ቀጠለ፤ ስህተት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መሥመሩን ማስቆም ይችላል። እኔ በየሳምንቱ «መብራት ሲበራ ቁሙ» እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ስለዚህ ነው። ከመሪው ፊት ለፊት የምትበራው ቀይ የዘይት መብራት የተበጠሰ ክር ናት። ቶዮታ ነው፣ ቤት ያደርሰኛል ብሎ የሚነዳ ሰው መኪናውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡትን እያፈረሰ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሌክሰስ የቶዮታ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከ1989 ጀምሮ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ላንድክሩዘርን ሰው ለምን እንዲህ ይወደዋል? እኔ የምነዳው የድርጅት ሎንግ ቤዝ ነው።

መልስ፦ ታሪኩ የሚጀምረው በ1951 ነው። ቢጄ የሚባለው የመጀመሪያው ሞዴል በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ያኔ «ቶዮታ ጂፕ» ይሉት ነበር፤ ጂፕ የሌላ ኩባንያ ስም ስለሆነ በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። ያንተ ሰባ የሚባለው ዘር በ1984 ወጥቶ ዛሬም ይመረታል።

ፍቅሩ ከምን መጣ ላልከኝ፣ ሲበላሽ መንገድ ላይ ስለሚሠራ ነው። ብዙዎቹ የሚይዙት ዋንኤችዜድ ሞተር 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ዲዝል ነው፤ ነዳጁን የሚያዘው ኮምፒዩተር ሳይሆን መካኒካል ፓምፕ ነው። ሻንሲው ወፍራም ነው፣ ኋላው ባልስትራ ነው። አፋር በረሃ ላይ ቢቆምብህ ቁልፍ የያዘና የሚያውቅ ሰው ያስነሳዋል። ግን ይህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች አስማምቶ የሚያዞር ቀበቶ አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። የድርጅት መኪና ላይ «የፊተኛው ሾፌር ቀይሮታል» የሚባለው ነገር ስንት ሞተር እንዳስፈታ እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱን ጠይቅ። ወረቀት ከሌለ አስቀይር።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ አባዱላ ነው የምሠራበት፣ ሞተሩ 5ኤል ነው። የአባይ በረሃን በፎሌ፣ ማርሽ ሳላስገባ ስወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ። አባቴም እንዲህ ነበር የሚነዳው። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናህን ዳር አቁመህ ስማኝ። ይህ ጥያቄ ከሊማሊሞም ከጣርማ በርም ይመጣልኛል፤ መልሴም አንድ ነው። ቁልቁለት በፎሌ አይወረድም።

መጀመሪያ ስለ ነዳጁ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መርገጫው ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ፓምፑም ነዳጁን ይዘጋል። በፎሌ ስትሄድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ መዞር ስላለበት እስከ ታች ድረስ ነዳጅ ይጠጣል። ስለዚህ ቆጠብኩ ባልክበት ላይ እየከሰርክ ነው። ይህን የነቃ ሌላው ሾፌር ደግሞ ጭራሽ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ እሱ የባሰ ነው። ያንተ ዲዝል ስለሆነ ለፍሬንህ ጉልበት የሚሰጠው ቫኪዩም የሚመጣው ከዲናሞው ጋር ከተገጠመች ትንሽ ፓምፕ ነው። ሞተር ጠፋ ማለት እሷም ቆመች ማለት ነው። ሁለት ሦስቴ ከረገጥክ የተጠራቀመው ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። መሪው ይከብዳል። ቁልፉ አልፎ ከዞረ ጭራሽ ይቆለፋል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አሥራ ሁለት ሰው፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ጭነት፣ የመኪናውን ክብደት የሚይዝልህ ወይ ሞተሩ ነው ወይ የፍሬን ሸራው። ፎሌ ስታደርግ ሞተሩን ከሥራው አስወጣኸው፤ ሸራው ብቻውን ቀረ። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይቱም አለ። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ እያደር ከአየሩ እርጥበት ስለሚጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይሞላል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ከዚሁ መንገድ የመጣ አባዱላ የኋላ ፍሬን ታምቡሩን፣ ሸራው የሚይዘውን ብረት አወረድኩለት። ብረቱ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ሆኗል። ሸራውን በአውራ ጣቴ ስነካው እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ፣ «ትናንት ትንሽ ይሸት ነበር» አለኝ። ትናንት ሲሸት ድሩ ተበጥሶ ነበር፤ እሱ ግን አልቆመም፤ ሰው ጭኖ ወረደ።

አሁን የምትሠራውን ልንገርህ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፤ ሽቅብ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ፤ ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቀው። ከሸተተህ ቁም፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም ግማሽ ሰዓት ቁም። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍስስ፣ ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። አባትህን አከብራለሁ፤ በሰላም ገብተውልሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያኔ ግን በዚያ መንገድ ላይ ይሄን ያህል መኪና አልነበረም። ተሳፋሪዎችም ስሙኝ፤ ሾፌሩ በፎሌ ሲወርድ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኮሮላዬ ሙቀት ሲጨምር መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። አሁን ደህና ነው። ልተወው?

መልስ፦ አይተውት። ቴርሞስታት ሞተሩ በቶሎ እንዲሞቅና ሙቀቱ በልኩ እንዲቆይ የሚያደርግ በር ነው። ያለ እሱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ከሁሉ የከፋው ግን መጀመሪያ ሙቀቱን ያመጣው ነገር ተሸፍኖ መቅረቱ ነው፤ ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት ይሆናል። የቧንቧ ውሃ የምትሞሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። እኛ አገር ኩላንትና ደህና ክዳን ቅንጦት አይደሉም። የጋለ ራዲያተር በፍጹም አይከፈት፤ ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አውቃለሁ። ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታ ጋስኬት ሊሆን ስለሚችል ሳይነዱ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የመጀመሪያ መኪናዬ ነው፣ ቪትዝ ልገዛ ነው። ደላላው «ሞተሩ አልተነካም» ብሎኛል። ምን ልይ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቪትዝ በ1999 የወጣ ነው፤ ስሙ የጃፓን ገበያ ስም ነው፣ ውጭ ያሪስ ይሉታል፣ ጃፓንም ራሷ በ2020 ያሪስ ብላዋለች። ለጃፓን የተሠራ ነው ማለት መሪው መጀመሪያ በቀኝ ነበር ማለት ነው። መሪውን ወደ ግራ ለማዞር ዳሽቦርዱ ወርዶ፣ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ፔዳል ተዛውረው ነው። በደንብ የሠራው አለ፣ በብየዳ የገጣጠመው አለ። ስለዚህ ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ብርሃን ታይቶ ብየዳ ያለበት ዘንግ ከተገኘ ተመለሺ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ። በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂጂ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተቀጣጠሪ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበሽ እዪ፤ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ከተጎተተ ባለቤቱ በቶዮታ ስም ተማምኖ የነዳው መኪና ነው። ከዚያ ቀብድ ሳትከፍዪ ደላላው ያላመጣው መካኒክ ያንሳውና ከሥር ይየው።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ ታክሲ የምሠራበት ፕሪየስ የባትሪ ማስጠንቀቂያ አበራ። ራሴ ልፈታው?

መልስ፦ አትፍታው። ፕሪየስ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ ስለሆነ እዚያ ባትሪ ውስጥ ከ200 ቮልት በላይ አለ፣ ይገድላል። ከኋላ ወንበር ጎን ያለውን የአየር መሳቢያ ቀዳዳ ግን ራስህ አጽዳው፤ ተሳፋሪ ካፖርት እየጣለበት ይዘጋል፣ ባትሪውም በሙቀት ይጎዳል። መብራቱ በርቶ ሥራ አትውጣ። ወደ ባለሙያ ውሰደው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት በ2024 ስለተከለከለ የቶዮታን ኤሌክትሪክ ልግዛ ብዬ ነው። ስሙን ይመጥናል?

መልስ፦ የቶዮታው ኤሌክትሪክ፣ ቢዜድፎርኤክስ፣ ጥሩ መኪና ነው። ግን በ2022 ገና ከመውጣቱ የጎማ ብሎኖቹ ሊላሉ ስለሚችሉ ቶዮታ ራሱ መልሶ ጠርቶታል። ፋብሪካው ቆሞ አስተካከለ፤ አንተም በሻንሲ ቁጥሩ ጥሪው የተፈጸመለት መሆኑን አስጣራ። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ብርቱካናማውን ሽቦ የማንም ሠፈር መካኒክ እንዳይነካው።

ጥያቄ (ከደብረ ዘይት)፦ ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ዲኤክስ ኮሮላው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ልጆቹ ሽጪው ይሉኛል። ይነሳ ይሆን?

መልስ፦ እማማ፣ ነፍስ ይማር። ኮሮላ በ1966 ተወልዶ በ2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መኪና ነው፤ የእርስዎ ግን አንድ ነው፣ ይገባኛል። የሚነሳ ይመስለኛል፣ ግን ሳይዘጋጅ ማንም ቁልፍ አዙሮ እንዳያስነሳው። ታንኩ ውስጥ ያለው አሮጌ ቤንዚን ይቀዳ፤ ዘይቱ፣ ባትሪውና የፍሬን ዘይቱ ይቀየር፤ ጎማዎቹ ቆመው ስለተሰነጣጠቁ አይነዳባቸው። ካንዴላዎቹ ወጥተው በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ይንጠብና ሞተሩ መጀመሪያ በእጅ ይዞር። ይህን ሁሉ አንድ የሚያምኑት መካኒክ እዚያው ግቢዎ ውስጥ ይሥራው፤ መሸጡንና አለመሸጡን ከተነሳ በኋላ ይወስኑ።